ድግሱ ይቅለል፣ ሰዉ ይብዛ

በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ለሁለት ትከፈላለች፤ ጠሪ ያለውና ጠሪ የሌለው። ጠሪ ያለው እናቱ ጋ ቁርስ፣ አክስቱ ጋ ምሳ፣ አማቶቹ ጋ እራት ሲል ይውልና በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ዶሮ ወጥ ቀምሶ ሆዱን እያሻሸ ይገባል። ጠሪ የሌለው በተከራያት ክፍል ተቀምጦ «እንኳን አደረሰህ» የሚል መልእክት ለመቶ ሰው ይልካል፣ ከመቶ ሰው ይቀበላል። ምሳውን ግን ብቻውን ይበላል።

እኛ ከሁለተኞቹ ወገን ነን። ከክፍለ ሀገር ለትምህርት መጥተን በሥራ ምክንያት እዚሁ የቀረን፣ ለገና ወላጆቻችን ጋ ለመሄድ አንዴ የትራንስፖርቱ ዋጋ፣ አንዴ የፈቃዱ ጉዳይ፣ አንዴ ደግሞ የመንገዱ ነገር የሚያግደን። ብዙ ነን። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ «ዘንድሮ እንኳ ተሰብስበን እናክብር» ይላል። ሁሉም «በጣም አሪፍ ሐሳብ!» ይላል። ቀጥሎ አንዷ «እሺ፣ ምን እናብላ?» ብላ ትጠይቃለች። ሐሳቡ እዚያ ላይ ይሞታል።

የሚሞተው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ነው። ዶሮ ወጥ አይቀርም፣ ክትፎ ያስፈልጋል፣ ጥብስ ከሌለማ ምኑን በዓል ሆነ፣ በግ ብናርድስ... ወጪው ሲደመር የሁላችንም የወር ደመወዝ ይጠጋል። ወጪው ቢቻል እንኳ «ማን ይሠራዋል?» የሚለው ይመጣል፤ ሁሉም ስልኩን ማየት ይጀምራል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ድግሱን የሚገድለው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የምግቡ ምርጫ ነው። ምርጫውን ካስተካከልን 40 ሰው መጥራት ይቻላል፣ ወጪው ይቀንሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው በበዓል ቀን ማጀት ውስጥ አይታሰርም። ቀድሞ የሚሠራ፣ ቀዝቅዞም የሚጣፍጥ፣ ራሱን በራሱ የሚያስተናግድ ምግብ ይቅረብ ነው የምንለው። ይህን ስንል «በዓሉን ልታረክሱት ነው» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልስ አለን።

ያልተጠየቀው «ማን»

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስጠኑን ስድስት ጥያቄዎችን ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ከነዚህ አንዱ የጎደለው ዜና ጎዶሎ ነው ተብለን ወጥተናል። የበዓል ወሬ ግን ሁልጊዜ «ማን» ይጎድለዋል። የበዓል ዋዜማ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ዶሮ ወጡ ያለቀለት ሆኖ ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ይላል። እንግዳው አንድ ጎርሶ «እጃችሁ ይባረክ» ይላል። ሽንኩርቱን ማን እንደከተፈው፣ ስንት ሰዓት ቆማ እንዳቁላላችው የሚጠይቅ የለም።

ይህ የእኛ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰዎች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ የሚመዘግብ አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዶ ነበር። ክፍያ የሌለው የቤት ውስጥ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው ሴቶች ላይ መሆኑን በቁጥር አሳይቷል። እናቶቻችን ቁጥር ሳያስፈልጋቸው የሚያውቁትን ነው።

የሚገርመው ግን እናቶቻችን ሳይሆኑ እኛ ነን። «ዘመናዊ» ነን የምንለው። በወጣቶች ድግስ ላይ ወንዶቹ ስፒከር ያገናኛሉ፣ ቢራ በካሳ ያስገባሉ፣ ከዚያ «እኛ ጨርሰናል» ብለው ይቀመጣሉ። እኛ ሴቶቹ የምንጋበዘው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ በስልክ፣ አንዴ ደግሞ በር ላይ «ውይ እንኳን መጣሽ፣ ነይ እስቲ ይቺን ያዥልኝ» ተብለን። ማጀቱ ሲያልቅ ታክሲ ይጠፋል ተብሎ ወደ ቤት ነው። ድግሱ ላይ ነበረች? አዎ ነበረች። ፎቶው ላይ ግን የለችም።

ይህን በስብከት አንፈታውም። «ወንዶች ሆይ፣ እርዱ» የሚል ጽሑፍ ተጽፎ ተጽፎ አልቋል። እኛ የምንለው ወደ ምግቡ ዝርዝር እንመለስ ነው፤ ሰውን ማጀት የሚያስቀረው እሱ ነውና። ጥብስን ውሰዱ። ጥብስ እሳት ላይ እንደተንጫጫ መበላት አለበት፤ ከቀዘቀዘ ስቡ ይረጋል፣ ሥጋው ጎማ ይሆናል። ለ4 ሰው ጥብስ ምግብ ነው። ለ40 ሰው ጥብስ ግን ፈረቃ ነው። አንድ ሰው ምጣዱ ሥር እስከ ሌሊቱ መቆም አለበት ማለት ነው፤ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ክትፎም እንደዚያው ነው። ተከትፎ ወዲያው ካልተበላ ቀለሙም ጣዕሙም ይለወጣል፤ ጥሬ የተፈጨ ሥጋ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሰዓታት ማስቀመጥ ደግሞ የከፋ የሆድ በሽታ መጋበዝ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ከዝርዝሩ በፍቅር እናሰናብታቸው። ሌላ ቀን፣ ለአራት ሆነን እንበላቸዋለን።

«ያደረ ለእንግዳ አይቀርብም»

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይሄ ነው። ለእንግዳ ትኩስ ነው የሚቀርበው፤ ያደረ ማቅረብ ነውር ነው። በአክብሮት እንሰማለን፤ ግን እስቲ ማዕዳችንን እንፈትሸው።

እንጀራው ከምን መጣ? ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ካልተብላላ እንጀራ አይሆንም። ጠላው ጥንስሱ የተጣለው መቼ ነው? ጠጁስ? ስልጆው ከባቄላ ዱቄትና ከሰናፍጭ ተሠርቶ ቀናት ካልቆየ ስልጆ ይባላል? ድፎ ዳቦውን በዋዜማው ጋግሮ በጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር የእናቶቻችን ልማድ አይደለም? በርበሬው፣ ቅቤው፣ ዳቦ ቆሎው ሁሉ ከብዙ ጊዜ በፊት ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው። ስንቅ የሚባለው ባህላችንም ሙሉ በሙሉ የዚህ ጥበብ ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፤ ሁሉም የተፈጠሩት «ዛሬ እንሥራ፣ ነገ ወይም የዛሬ ወር እንብላ» በሚል ነው።

ስለዚህ ነውሩ ማደሩ አይደለም። ነውሩ የተረፈን አሙቆ «ለእናንተ ብዬ ነው የሠራሁት» ማለት ነው። ታስቦበት ቀድሞ የተሠራና ከሌላ ሰው የተረፈ አንድ አይደሉም። እንዲያውም ቀድሞ የተሠራው እንግዳን ይበልጥ ያከበረ ነው፤ ባለቤቱ እንግዳው አጠገብ ተቀምጦ እንዲያጫውተው ጊዜ ገዝቶለታልና።

የጾም ምግብ በፍስክ ቀን

አሁን ወደሚያጣላው ጉዳይ እንግባ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾሞ ገና የደረሰለትን ሰው አዚፋና ጎመን አቅርቡለት ስንል «ምነው፣ ጾሙን አላራዘማችሁብኝም?» ይለናል። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ድግሱን በገና ዕለት ሳይሆን ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ አድርጉት የምንለው። በዕለቱ ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ዶሮውን ይብላ። ቅዳሜ ሲደርስ ሰዉ ሥጋና ቅቤ ጠግቧል፣ የገበያው ትኩሳትም በረድ ብሏል፣ እንደ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀንም አይደለም። ያን ቀን አዚፋ ሲቀርብለት እንደ ሎሚ ውኃ ነው የሚያረካው።

የጾም ምግብን የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። የመጀመሪያው የዘይት ጉዳይ ነው። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ምላስ ላይ ይለጠፋል። ዘይት ግን ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። በዘይት የተሠራ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ስር በድንች ቀዝቅዞም የሚበላው ለዚህ ነው። እሳት የማይፈልግ ምግብ ደግሞ አሳላፊ አይፈልግም።

ሁለተኛው የሰው ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ዋናው እሱ ነው። የጓደኞቻችንን ስም ዝርዝር አንብቡት። ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። ድግሱ በሥጋ የተሞላ ከሆነ ሙስሊም ጓደኞቻችን በራችን ድረስ መጥተው ለስላሳ ይዘው ይቀመጣሉ፤ «በላሁ፣ ጠገብኩ» እያሉ። ይሄ ግብዣ ነው? ምስር ግን እርድ የለውም። ሽሮ የማንም ሃይማኖት አይደለም። የጾም ማዕድ ሁሉንም በአንድ መሶብ ዙሪያ ማስቀመጥ የሚችል ብቸኛው ማዕዳችን ነው። እንግዲህ ለጾም ብቻ አስቀምጠነው የኖርነው ምግብ ለአብሮነትም እንደሚሠራ ማየት ነው።

ይህ ማለት ዶሮ ወጥ ፈጽሞ ይቅር ማለት አይደለም። አንድ ድስት ይኑር፤ ለብቻው፣ በራሱ ጭልፋ፣ በማዕዱ አንድ ጫፍ። የበዓሉ ማዕከል ግን አይሁን።

ስሌቱ፣ ለ40 ሰው

ዋጋ አንጽፍም። ሽንኩርት በበዓል ሰሞን ምን እንደሚሠራ ታውቁታላችሁ። መጠኑን ግን እንጻፍ። ደንባችን አጭር ነው፤ የሚቆረጠም ብዙ፣ ቀዝቃዛ አራት፣ ሙቅ ሁለት።

የሚቆረጠም። 3 ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ 2 ኪሎ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ከተገኘም ትንሽ ጭኮ። እነዚህ ከሳምንት በፊት ቢዘጋጁም ምንም አይሆኑም። ሰው ቀድሞ ሲመጣ አፉ ሥራ ያገኛል፤ «ምግቡ መቼ ነው?» የሚል ጥያቄም አይኖርም።

ቀዝቃዛ። አንደኛ አዚፋ፤ 2 ኪሎ ደረቅ ምስር ሲቀቀል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ምስሩን ከነሰናፍጩ በዋዜማው ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሽንኩርቱና ቃሪያው ግን በዕለቱ ይግባ፣ ካደረ ይከረፋል። ሁለተኛ ቀይ ስር በድንች፤ 3 ኪሎ ከ3 ኪሎ። ለየብቻ ቀቅላችሁ አሳድሩትና በዕለቱ ቀላቅሉት፤ ካልሆነ ድንቹ ሁሉ ቀልቶ ያድራል። ሦስተኛ 5 ኪሎ ጎመን፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል። አራተኛ ፎሶሊያ በካሮት ወይም ጥቅል ጎመን፣ ገበያው ላይ የረከሰው። ስልጆ የምትችል እናት ወይም አክስት ካላችሁ ከሳምንት በፊት በትሕትና ደውሉላት። አይብም ከተገኘ ሁለት ኪሎ ይበቃል።

ሙቅ። ዶሮ ወጥና ሽሮ። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለች፤ አንድ ቁሌት፣ ሁለት ወጥ። 10 ኪሎ ሽንኩርት ተከትፎ በዘይትና በበርበሬ በአንድ ጊዜ ይቁላላ። ከዚያ ይከፈል። ትልቁ ድርሻ ለዶሮው፤ ቅቤና መከለሻው ከተከፈለ በኋላ ነው የሚገባው። ትንሹ ድርሻ ለሽሮው፤ እሱ በዘይት ብቻ ይቀራል። ቁሌቱ ካለቀ ሽሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ 1 ኪሎ ተኩል የሽሮ ዱቄት ይበቃል። ዶሮ በባህላችን 12 ብልት ስለሚወጣው 3 ዶሮ 36 ብልት ነው፤ ሁሉም ሰው ስለማይበላው ይዳረሳል። ከ40 የተቀቀለ ዕንቁላል 30ውን ወጡ ውስጥ፣ 10ሩን ለብቻ አስቀምጡ፤ ወጡን ለማይበላ ሰው ዕንቁላሉ አይቅርበት።

ከዚህ ሌላ ከ2 ኪሎ ዱቄት የሚወጣ ድፎ ዳቦ 2፣ የምስር ሳምቡሳ 100። የሥጋ ሳምቡሳ ካማራችሁ የምስሩን መጀመሪያ ጥበሱ፤ በሥጋ ዘይት የተጠበሰ ምስር የጾም አይባልም። እንጀራ ዳቦና ሳምቡሳ ስላለ 60 ይበቃል፤ ከጋጋሪ እዘዙ፣ ጠዋት ይምጣ። እንጀራ ማድረስ የሚችል ሰው ባለበት ከተማ ለድግስ እንጀራ ጋግሮ ማደር ጀግንነት አይደለም። ለመጠጥ 20 ሊትር ጠላ፣ አልኮል ለማይቀምስ ሰው 20 ሊትር ቀሪቦ ወይም ብርዝ፣ ከዚያ ውኃ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

የሳምንቱ ፕሮግራም

ድግስ የሚያደክመው ሁሉም ነገር አንድ ቀን ላይ ሲከመር ነው። እንበትነው።

ቅዳሜ፣ ሳምንት ሲቀረው፦ የሰው ቁጥር ይቆረጥ። ሽንኩርት ይገዛ፤ ደረቅ ሽንኩርት ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ሳምንት ይቆያል፣ የዋዜማውን ዋጋም ያመልጣል። ሰሃንና ትልልቅ ድስት ከእድር ወይም ከሚያከራይ ሰው ይያዝ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ የጋራ መጠቀሚያ ቤቱን ቀድማችሁ አስመዝግቡ፤ በዓል ሰሞን ወረፋ አለው።

ሐሙስ ማታ፦ የሽንኩርት ማታ። 10 ኪሎ ሽንኩርት ለአንድ ሰው ለቅሶ ነው፤ ለአምስት ሰው ግን ጨዋታ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይሄኔ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ወንዶች ይሁኑ። ይህን እንደ ቀልድ እንዳታልፉት። ቁሌቱም ያን ማታ ይለቅ።

ዓርብ፦ ዶሮው ይሠራ፤ ወጥ አድሮ ሲበላ ቅመሙ ይዋሐደዋል። ምስር፣ ድንች፣ ቀይ ስር ይቀቀል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጥራጥሬ ከቆላ ይልቅ እዚህ ዘግይቶ ይበስላል። ጊዜ ስጡት። ጎመኑ ይሠራ፣ ዳቦው ይጋገር።

ቅዳሜ ጠዋት፦ እንጀራ ይረከባል፣ ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ሽሮ ይሠራል፣ ቀዝቃዛው ይቀላቀላል። ስድስት ሰዓት ላይ እሳቱ ይጥፋ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ለመታጠብ፣ ለመተኛትና ለመልበስ ነው። ይህ የቅንጦት ምክር አይደለም፤ የጽሑፉ ዓላማ ራሱ ይሄ ነው። የሠራ ሰው ደክሞት ሳይሆን አምሮበት ድግሱ ላይ ይገኝ።

ፍሪጁ፣ መብራቱና ሆዳችን

ቀድሞ መሥራት ደንብ አለው፤ ደንቡ ካልተከበረ 40 ሰው ታሞ ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት «አምስቱ ቁልፎች» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ምክር አጭርና ግልጽ ነው። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥ። ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ሙቁ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ። ሲሞቅ ደግሞ በደንብ ይሙቅ፤ በእኛ ቋንቋ ዶሮ ወጡ ዳር ዳሩ ሳይሆን መሐሉ ድረስ ይንተክተክ።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ማቀዝቀዝ ላይ ነው። ጥልቅ ድስት ሙሉ ወጥ ክዳኑን ደፍቶ ቢያድር መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ለተሕዋስያን ከዚህ የተሻለ አልጋ የለም። ጠፍጣፋ ትሪና ሳህን ላይ አከፋፍሉት፣ ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ የሞላበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ አማስሉት፤ ሲበርድ ወደ ፍሪጅ። «የታኅሣሥ ብርድ መች አነሰ» ብላችሁ በረንዳ ላይ አታሳድሩት፤ ሌሊት ቢበርድም ረፋድ ላይ ፀሐይ ትደርስበታለች።

«ፍሪጃችን ትንሽ ናት» ትላላችሁ። የማንስ ትልቅ ነው? ምግቡን ለአራት አምስት ጓደኛ ፍሪጅ አከፋፍሉት፤ እያንዳንዱ የያዘውን ይዞ ይመጣል። መብራት ቢጠፋስ? በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። በየአምስት ደቂቃው «በረደ ወይ?» እያላችሁ አትክፈቱት። ምናልባት ሌሊቱን ሙሉ ቢጠፋ ደግሞ ዶሮውን አሳዝኖንም ቢሆን እንተወዋለን፤ ዳቦው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎውና ሽሮው መብራት ኃይልን አይለምኑም። የዚህ ዝርዝር ጥሩነት አንድ ነገር ቢበላሽ ድግሱ አለመበላሸቱ ነው። ለሙቁ ምግብም ከሰል ወይም ሲሊንደር በተጠባባቂነት ይኑር፤ ከሰል ግን ውጭ እንጂ በተዘጋ ክፍል አይቀጣጠል፣ ጭሱ ነፍስ ያጠፋል።

«ይዛችሁ ኑ» ማለት ነውር ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ ይሄ ነው። ጠርቶ «ይዛችሁ ኑ» ማለት የፈረንጅ አመል ነው ይባላል። እውነት?

ለቅሶ ቤትን አስቡት። ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም። ጎረቤት እንጀራውን፣ ወጡን፣ ንፍሮውን እየያዘ ይገባል። አንዷ ሰሃን ታጥባለች፣ አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ያመጣል። ሐዘንተኛዋን «ምን ልታበይን ነው?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ይህን የምናደርገው ሸክሙ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ነው። ታዲያ በሐዘን ጊዜ ክብር የሆነው ነገር በደስታ ጊዜ ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ለመቅበር የምንተባበረውን ያህል ለመደሰት መተባበር ለምን ያሳፍረናል?

በእርግጥ አንድ አደጋ አለው። «የቻላችሁትን ይዛችሁ ኑ» ከተባለ 15 ሰው ለስላሳ ይዞ ይመጣል፤ ሴቶቹ ደግሞ ድስት ተሸክመው ይመጣሉ። ስለዚህ ይመደብ፤ በስም፣ በመጠን፣ በሰዓት። እገሌ ድፎ ዳቦ፣ እገሊት ውኃና በረዶ፣ እነ እገሌ የቅዳሜ ማታ እጥበት። እጥበቱ ደግሞ እንግዳው ሳይበተን የሚጀመር፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሁለት ሰው የሚፈራረቅበት ይሁን። አሥር ሰዓት ላይ ስሙ የተጠራ ወንድ «እኔ እኮ ሰሃን ማጠብ አልችልም» ካለ ትልቅ ዕድል አገኘ ማለት ነው፤ የሚያስተምረው ሰው አጠገቡ አለ።

መዋጮ ላይም እንጠንቀቅ። ከመካከላችን ሥራ ያላገኘ አለ፣ ደመወዝ የዘገየበት አለ። ሁሉም እኩል ይክፈል ካልን ያ ሰው «አልመችም» ብሎ ይቀራል፤ እውነተኛውን ምክንያት ግን አይነግረንም። የቻለ ይክፈል፣ ዝርዝሩም በሁለት ሰው እጅ ብቻ ይቆይ። ግሩፕ ላይ «እነ እገሌ አልከፈሉም» ብሎ መለጠፍ ድግስ አይደለም፤ ችሎት ነው። ቀለል ያለ ምግብ የመረጥነውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ምስርና ሽሮ ያላዋጣን ሰው መመገብ ይችላል፣ በግ ግን አይችልም።

ቀሪው ነገር

አንዳንዱ ሰው ድግስ የሚለካው በተረፈው ነው ይላል። ብዙ ከተረፈ ባለቤቱ ሀብታም፣ ምንም ካልተረፈ ቀፋፊ። እኛ በሌላ መለኪያ እንለካ እንላለን። ስንት ሰው ብቻውን ከመብላት ዳነ? ስንቷ ልጅ ቁጭ ብላ አወራች? ማን ማን ፎቶው ላይ አለ?

የትረፍርፍ ባህላችንን አንንቀውም። እናቶቻችን በአንድ ቀን ያንን ሁሉ ሲያደርሱ የነበረው ለእኛ ሲሉ ነው። ግን እነሱ እንኳ ብቻቸውን አልሠሩትም፤ ጎረቤት ነበራቸው፣ እህት ነበራቸው፣ የሚላላኩ ልጆች ነበሩ፣ እኛው። ያ ሁሉ ሰው በሌለበት የኪራይ ክፍል ውስጥ ያንኑ ድግስ ከአንዲት ልጅ ትከሻ መጠበቅ ባህል ማክበር አይደለም። የባህሉን ሸክም ብቻ አስቀርቶ ተሸካሚዎቹን ማሰናበት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ስልካችሁን ስታነሱ «እንኳን አደረሰህ» ብላችሁ አትዝጉት። «ቅዳሜ ና፤ አዚፋ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ ሽንኩርት የምንከትፍ ሰው ጎድሎናል» በሉት። የሚመጣ አይመስላችሁም? ጠሪ የሌለው ሰው ለሽንኩርትም ይመጣል።